ቀለሁ አለ፣ ካፕሱሉ ከየት ይምጣ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን በዋሻው አልፎ፣ በደብረ ሲና ተጠማዝዞ ከወረደ በኋላ ብርዱን ከኋላው ጥሎ ሙቀት ውስጥ ይገባል። ሸዋ ሮቢት ከዚያ ቁልቁለት በታች፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። በማንጎዋ፣ በሽንኩርቷና በማሾዋ ትታወቃለች። ምሽት ላይ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ደጅ ይቀመጣል፤ ወሬውም አብዛኛውን ጊዜ የሽንኩርት ዋጋና የዝናብ ነገር ነው። በአንድ ግቢ ግን ሦስት ሰዎች ከሸሚዝ ቁልፍ ስላነሰች አንዲት የናስ ክዳን ሲከራከሩ አመሹ።

አንደኛው ከሠራዊቱ በጡረታ የወጡ አሥር አለቃ ናቸው። በደርግ ዘመን በመሣሪያ ጥገና ክፍል ሠርተዋል፤ ዛሬ ማንጎ ያለማሉ። ሁለተኛው አውሮራ፣ ኮሎራዶ የሚኖረው የእህታቸው ልጅ ነው፤ ዘመድ ጥየቃ መጥቷል። ሦስተኛዋ ጎረቤታቸው የታሪክ መምህርት ናት፤ ለቡና ተጠርታ መጥታ ወሬው አስቀራት።

ነገሩን የጀመረው ልጁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ ይተኩሳል። ከተኩሱ በኋላ የወደቀውን ቀለህ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ጋራዡ ውስጥ በተከላት በእጅ በምትሠራ መጫኛ መልሶ ጥይት ያደርገዋል።

«ሕጉ ይፈቅድልሃል?» አሉ አሥር አለቃው።

«ለራሴ እስከሆነ ይፈቅዳል፣ ጋሼ። ሠርቼ ልሽጥ ካልኩ ግን የአምራች ፈቃድ ማውጣት አለብኝ።»

«ታዲያ ምን አማረረህ?»

«አርባ አምስቱ።»

አሥር አለቃው ፈገግ አሉ። ባለ .45 ሽጉጥ ያውቃሉ። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የታጠቀው ኮልት ነው፤ ለኢትዮጵያ ሠራዊትም እንግዳ አልነበረም። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የተዋጋው በአሜሪካ መሣሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የወታደራዊ እርዳታ ስምምነትም የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ለሃያ ዓመት ያህል በአሜሪካ ጥይት አሳደረው።

ልጁ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያቸው። ቀለሁን ራሱን በሻንጣ ይዞ አልመጣም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ምን ጣጣ እንደሚያመጣ ያውቃል። በፎቶው ላይ ሁለት ባዶ ቀለሆች ጎን ለጎን ቆመዋል። ቁመታቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ። ቀጥሎ ያለው ፎቶ ግን ሁለቱን ከቂጣቸው ያሳያል። በጠርዛቸው ዙሪያ የአምራቹ ስምና «45 አውቶ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል፤ መሃል ላይ ያቺ የናስ ክዳን፣ ካፕሱሉ፣ ተቀምጣለች፤ በካፕሱሉ ላይ መርፌው የወጋው ጎድጓዳ ይታያል። የአንደኛው ካፕሱል ሰፊ ነው። የሌላው ጠበብ ይላል።

«ትልቁ ስንት ነው?» መነጽራቸውን ሰክተው ጠየቁ።

«5.33 ሚሊ ሜትር። ትንሹ 4.45።»

«አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ልዩነት።»

«እሱ ነው ያቃጠለኝ! አርባ አምስት ከጥንት ጀምሮ ትልቁን ካፕሱል ነው የሚወስደው። ዘጠኝ ሚሊ ሜትሩ፣ ሠላሳ ስምንቱ ትንሹን። ሰው ሁሉ በዚህ ተማምኖ ሲሠራ ኖረ። ኋላ አንዳንድ ፋብሪካዎች አርባ አምስትንም በትንሹ ካፕሱል መሥራት ጀመሩ። ታዲያ ኢላማ ሜዳው ላይ የሚወድቀው ቀለህ ተቀላቅሏል። ሳላይ አንዱን ባለ ጠባብ መጫኛው ላይ አስቀመጥኩና ማንሻውን ስጫን፣ ትልቁ ካፕሱል አልገባ አለ።»

«ገፋኸው?»

«ትንሽ።»

አሥር አለቃው ስልኩን መለሱለት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ግን ቡናው እስኪቀዳ ድረስ የተናገሩት ሁሉ ቁጣ ነበር። ካፕሱል በመመታት የሚፈነዳ ነገር ነው፤ ሥራው እሱ ነው። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በኃይል የገፋው ሰው መትቶታል ማለት ነው። መጫኛው ላይ ደግሞ ካፕሱሎቹ በቱቦ ተደራርበው ነው የሚቀመጡት፤ የታችኛው ከፈነዳ የላዩን ሊያስነሣ ይችላል። «ማንሻ እንቢ ካለህ እጅህን ታነሣለህ። ለምን እንቢ እንዳለ ታያለህ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ይህ ነበር» አሉ።

«በተገላቢጦሹስ? ትንሹ ካፕሱል ሰፊው ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ?» አለች መምህርቷ።

«ያኛው ይሻላል» አለ ልጁ፤ «አይቀመጥም። ሾልኮ ይወድቃል፤ ባሩድ ከሞላህበትም ባሩዱ በቂጡ ይፈሳል። ስለዚህ መላው አንድ ብቻ ነው፦ ከመሙላት በፊት እያንዳንዱን ቀለህ ገልብጦ ማየት።»

መምህርቷ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት ሰምታ ነበር። «ለመሆኑ ይቺ ክዳን ምን ብትሠራ ነው ይህ ሁሉ?»

አሥር አለቃው ጣታቸውን ዘረጉ። ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ባሩድ፣ እርሳስና ካፕሱል። ቃታው ሲሳብ መርፌው ካፕሱሉን ይመታል፤ ካፕሱሉ ውስጥ ያለው ስስ ቅመም ይነሣል፤ እሳቱ በቀዳዳ ሾልኮ ባሩዱን ይለኩሳል፤ የባሩዱ ጋዝ እርሳሱን ይገፋል። ከአራቱ ሦስቱን መንደር ውስጥ ያለ ሰው በሆነ መንገድ ሊያገኛቸው ይችላል። አራተኛው ግን የፋብሪካ ልጅ ነው። «ካፕሱል ከሌለ የቀረው ናስና ዱቄት ነው። መሣሪያው ቢተኮስበት ቀጭ ብሎ ይከሽፋል።»

ከዚያ ስለ ራሳቸው ዘመን አወሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሠራዊቱ ከአሜሪካ መሣሪያ ወደ ሶቪየት ሲዛወር፣ የመኮንኑ ወገብ ላይ የተንጠለጠለውም ማካሮቭ ሆነ። የሶቪየቱ ጥይት ቀለህ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፤ በካፕሱሉ ዙሪያ እርጥበት እንዳይገባ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም ይቀባል። ውስጡ ደግሞ ከአሜሪካኑ ይለያል። የአሜሪካኑ ቀለህ መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ካፕሱሉ የሚመታበት ትንሽ መስፍ ካፕሱሉ ውስጥ ተሰክቶ አብሮ ይመጣል። በቀዳዳው በኩል ቀጭን ብረት ሰደህ ያረጀውን ካፕሱል ገፍተህ ታወጣለህ፤ አዲስ ታስገባለህ። የሶቪየቱ መስፉ የቀለሁ አካል ነው፤ ቀዳዳዎቹም ሁለት ሆነው ከመስፉ ግራና ቀኝ ይወርዳሉ። ብረት የሚሰድበት መንገድ የለም። ስለዚህ አንዴ ተተኩሶ ይጣላል።

«ቦክሰርና በርዳን» አለ ልጁ። «ቦክሰር እንግሊዛዊ ኮሎኔል ነው፣ በርዳን አሜሪካዊ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አጋማሽ ነው ያወጡት። ግን የእንግሊዙን አሜሪካ ወሰደው፣ የአሜሪካኑን አውሮፓ።»

«ቦክሰርስ እኛም አገር መጥቷል» አለች መምህርቷ፤ ወሬው ወደ እርሷ ሜዳ ገባ። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የናፒየር ጦር የያዘው አዲሱን ስናድር ነበር፤ የስናድር ጥይት ደግሞ የኮሎኔል ቦክሰር ሥራ ነው። ያ ጠመንጃ በጦር ሜዳ መጀመሪያ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ ከመቅደላ ሥር ያለው አሮጌ ነው። የቴዎድሮስ ወታደሮች በአፈሙዝ የሚጎረስ ጠመንጃ ይዘው፣ ከቂጡ የሚጎርስና በደቂቃ ብዙ ጊዜ የሚተኩስ መሣሪያ ገጠማቸው።

አሥር አለቃው ግን ስለ ሶቪየቱ ካፕሱል ማውራታቸውን አልጨረሱም ነበር። የድሮው የሶቪየት ካፕሱል ሲነድ ጨው ይተዋል። ጨዉ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ አፈሙዙ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። አዲስ ምልምል ሁሉ ዘይት ቀብቶ ይተኛል፤ ዘይት ግን ጨው አያሟሟም። በሳሙናና በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ነው ዘይት። «ምፅዋ ላይ ይህን ያልሰማ ጠመንጃውን በሳምንት ነው የሚቀብረው» አሉ። እዚህ ላይ ወሬውን ለማሳጠር የሚደፍር አልነበረም፤ ሰውየው ያለ ዕውቀት እንደማይናገሩ ያስታውቃል።

መምህርቷ ግን የያዘችውን አልለቀቀችም። እጇን ወደ ደቡብ ዘረጋች። «ጋሼ፣ የካፕሱሉ መንገድ በዚህ በእኛ ቆላ ነው የመጣው።»

ነገሩ እውነት ነው። ከታጁራ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ የሸዋን ምድር የሚረግጠው ፋሬ ላይ ነበር፤ ኬላውም እዚያው ነው። ከዚያ አልዩ አምባ ገበያ፣ ከዚያ ሽቅብ አንኮበር። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ካፒቴን ሃሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ከቦምቤይ ተልኮ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ካመጣው ገጸ በረከት ውስጥ ሦስት መቶ ጠመንጃ ነበረበት።

«በዚያን ጊዜ ከጠመንጃው ይልቅ የሚበላው ነገር ነው ጉዳዩ» አለች። «ክር እየተለኮሰ የሚተኮሰው የድሮ ጠመንጃ ከባሕር ማዶ የሚፈልገው ማቀጣጠያ የለም። ባሩዱ ከሰል ነው፣ ከአፈር የሚወጣ ጨው ነው፣ ድኝ ነው። ድኙ ደግሞ እዚሁ ከሥራችን፣ ከዶፋን ነበር የሚመጣው።» ዶፋን በአዋሽ ሸለቆ፣ ከይፋት በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ፣ እስከ ዛሬ እንፋሎትና ድኝ የሚተፋ ተራራ ነው። «እርሳስ ቀልጦ ይፈሳል። እንግዲህ የባሩዱ ቅመም ሁሉ ከአንኮበር ቤተ መንግሥት ሁለትና ሦስት ቀን መንገድ ውስጥ ይገኛል። ንጉሡ ማንንም ሳይለምን ይተኩሳል።»

«ካፕሱል እስኪመጣ» አለ ልጁ።

«ካፕሱል እስኪመጣ።»

ካፕሱሉን በገፍ ይዘው ከመጡት አንዱ ዓለም በሌላ ነገር የሚያውቀው ሰው ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ግጥም መጻፍ ከተወ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ታጁራ ላይ ወራት ከታገተ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ በፋሬ በኩል አንኮበር ገባ። ምኒልክ ከሐረር ዘመቻ አልተመለሱም ነበርና እንጦጦ ድረስ ሄዶ ነው ያገኛቸው። ሂሳቡም እንዳሰበው አልሆነለትም፤ የሞተው ሸሪኩ ዕዳ ሁሉ እርሱ ላይ ተቆለለ። ያመጣው ጠመንጃ አውሮፓ ከጣለችው አርባ ዓመት ያለፈው የካፕሱል ጠመንጃ ነው። ራምቦ ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሊዬዥ ውስጥ በሰባትና በስምንት ፍራንክ የሚገዛው አሮጌ መሣሪያ ለሸዋ ንጉሥ በአርባ ፍራንክ ገደማ እንደሚሸጥ ነግሯቸዋል።

«ሌባ!» አሉ አሥር አለቃው።

«ነጋዴ» አለች መምህርቷ። «ግን ዋጋውን ተዉትና ሌላውን ይዩ። ያን ጠመንጃ የገዛ ሰው በየዓመቱ ካፕሱል መግዛት አለበት። ድኙ ዶፋን ቢሞላ፣ ከሰሉ ቢትረፈረፍ፣ የምትለኩሰው ክዳን ከታጁራ ካልመጣች አይጮህም። አንዴ የሸጡልህ መሣሪያ ዕድሜ ልክህን ደንበኛ ያደርግሃል።»

ልጁ ሳቀ። ኮሎራዶ ውስጥም እንደዚያው ነው አለ። በኮቪድ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እና 2021፣ ካፕሱል ከየመደብሩ ጠፋ። ቀለህ በባልዲ ያለው ሰው፣ ባሩድ በቆርቆሮ ያለው ሰው፣ እርሳስ ራሱ የሚያፈስ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ሺው ከ30 እና 35 ዶላር የማይበልጠው ካፕሱል መቶ ዶላር አልፎ ተሸጠ። አሜሪካን ለሚያህል አገር ካፕሱል የሚሠሩት ትልልቅ ፋብሪካዎች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው የውጅግራ ወሬ ነው፤ ውጅግራ ሲነሣ ዝም የሚል የሸዋ ሰው የለም። ባለ 11 ሚሊ ሜትሩ የፈረንሳይ ጠመንጃ አንድ ጥይት ብቻ ጎርሶ የሚተኩስ፣ ከባድ እርሳስ የሚወረውር፣ ቀለሁም ጥሩ ናስ የሆነ መሣሪያ ነው። አሥር አለቃው አያታቸው ቀለህ ሜዳ ላይ ጥሎ የማያልፍ ሰው እንደነበሩ ተናገሩ። ተኩሰው ያነሡታል፤ ዝናራቸው ውስጥ መልሰው ይሰኩታል። ባዶው ከሩቅ ለሚያይ ሙሉ ይመስላል፤ ያ ራሱ አንድ ጥቅም ነው። ሁለተኛው ጥቅም ግን መሙላቱ ነበር። ባሩድ የሚያበጅ ይገኛል፣ እርሳስ የሚያፈስ ይገኛል። ካፕሱል ግን ነጋዴ እጅ ነው። በመንደር የተሞላ ጥይት ግማሹ ይከሽፋል፤ የሚተኩሰውም ሩቅ አይሄድም። «አያቴ ሁለቱን ለይተው ነው የሚይዙት፤ የፈረንጁን ለጠላት፣ የቤቱን ለሠርግና ለጅብ።»

ሙሉ ጥይት ራሱ ገንዘብ ነበር። ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጋር በገበያ ይዞር ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ዕቃ ተገዝቶበታል። ሊበላም ሊለበስም የማይችል ነገር ገንዘብ ሲሆን የሚገርመው ያለ አይመስልም፤ አሞሌው ግን ይላሳል፤ ጥይቱን የተጠቀመበት ሰው ገንዘቡን ተኮሰው ማለት ነው።

«አድዋ ላይ ስንት ዓይነት ጠመንጃ ነበረን?» አለ ልጁ።

መምህርቷ መቁጠር ጀመረች። ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ስናድር፣ ማርቲኒ፣ የሩሲያው በርዳን፣ ራሱ የጣሊያኑ ቬተርሊ። ሬሚንግተኑ በከፊል ከግብጾች የተማረከ ነው፤ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የአፄ ዮሐንስ ጦር በሺዎች የሚቆጠር ማረከ። ጣሊያንም ራሷ በምኒልክ በኩል ዮሐንስን ለማዳከም ጠመንጃ ሰጥታለች። ከሁሉ የሚገርመው የ1885ቱ ነው። የጣሊያን መልእክተኛ ዶክተር ትራቬርሲ ሁለት ሚሊዮን ያህል ጥይት ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ምኒልክም ጥይቱን ከተረከቡ በኋላ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ያ ጥይት በምን በኩል ተተኮሰ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

«ጉድ ነው!» አለ ልጁ። «እኔ ሁለት ዓይነት ቀለህ ተቀላቀለብኝ ብዬ አለቅሳለሁ፤ እነሱ ስድስት ዓይነት ጠመንጃ ለመቶ ሺህ ሰው አከፋፈሉ። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ካፕሱሉ አይመሳሰልም።»

«እንዴት እንዳደረጉት ልንገርህ» አሉ አሥር አለቃው። «ወታደሩ ጥይቱን ይዞ ነው የሚዘምተው። ዝናሩ ላይ ያለው የራሱ ጠመንጃ ጥይት ነው። ሳጥን የሚያከፋፍል ሰው ዓይነቱን አያምታታም፤ ቢያምታታ ወታደሩ ራሱ ያውቀዋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞታላ። አንተ ከመሬት የለቀምከውን ነው ያምታታህ።»

ውጪ አገሮችም ይህን የካፕሱል ገመድ አውቀውት ነበር፤ ያጠብቁታል፣ ያላሉታል። እ.ኤ.አ. በ1890 የብራስልስ ስምምነት ዘመናዊ መሣሪያ ወደ አብዛኛው አፍሪካ እንዳይገባ አገደ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የመሣሪያ ጉዳይ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር የጦር መሣሪያ ውል ተፈረመ። እ.ኤ.አ. በ1935 ወራሪውም ተወራሪውም እኩል ታገዱ። ጣሊያን ግን ፋብሪካው ቤቷ ነው፤ እገዳው የጎዳው ማንን እንደሆነ ከመምህርቷ ድምፅ ይታወቅ ነበር። «ከዚያ በኋላ እዚህ በይፋት፣ በመንዝ፣ በቡልጋ፣ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የነበሩት አርበኞች ጥይት የሚያገኙት ከጠላት ነው። ሸዋረገድ ገድሌም ከከተማ ጥይት በድብቅ የሚልኩላቸው ሰው ነበሩ። የጣሊያን ጥይት የሚያገኝ ሰው የጣሊያን ጠመንጃ ቢኖረው ይሻለዋል፤ የድሮው ውጅግራ ያኔ ነው ግድግዳ ላይ የወጣው።»

የአገር ውስጥ ፋብሪካ ጉዳይ ብዙ አላቆያቸውም። በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አምቦ አጠገብ የተቋቋመው ሆሚቾ ጥይት ይሠራል፤ አሥር አለቃው የእርሱን ምርት አይተዋል፤ ከዚያ አልፈው አልተናገሩም። የወታደር ልማድ ነው።

ይልቅ ድምፃቸው የተለወጠው ስለ ቅርቡ ሲነሣ ነው። ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አግኝቷታል፤ ከተማዋ ተይዛ፣ በወሩ ውስጥ ተመልሳለች። ከዚያ በፊትም በኋላም በይፋት ምድር፣ በአጣዬ በኩል፣ ተኩስ ተሰምቷል። ቀለህ በየማሳው ነበር። ልጆች ለቀሙት፤ ናስ የሚገዛ ቆራሌው ስለሚያነሣው።

«እኔ ዘንድ ያመጡልኛል» አሉ። «እንዲህ እላቸዋለሁ። ቂጡን እዩ። ጎድጓዳ ካለውና አፉ ባዶ ከሆነ ሞቷል። ጎድጓዳ ከሌለው አልተተኮሰም፣ አትንኩ። ጎድጓዳ ኖሮት እርሳሱ ከፊቱ ካለ ግን እሱ የከሸፈ ነው፤ እሱን ከሁሉ በላይ አትንኩ። መርፌ መትቶት አልተነሣም ማለት ዳግመኛ ቢመታ አይነሣም ማለት አይደለም። አንዱ ልጅ የከሸፈውን ሊከፍት ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ነበር፤ እኔ ነኝ ከእጁ የወሰድኩት። ፖሊስ ጠርተን አስረከብን።»

«አንተ እዚህ ብትሞላስ?» ብላ መምህርቷ ወደ ልጁ ዞረች።

«መምህርት፣ እንዲያው አያስቡት።» አዋጁን አንብቦት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያና ጥይት ያለ ፈቃድ መያዝን፣ ማስገባትን፣ መሥራትን ወንጀል አድርጎታል። እርሱ ጋራዡ ውስጥ በነጻነት የሚሠራው ሥራ ሸዋ ሮቢት ላይ እስር ቤት ያስገባዋል፤ እስር ቤቱም ሩቅ አይደለም፣ ከተማዋ በእርሱም ትታወቃለች። አሥር አለቃውም ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ሕጉን ደገፉ። በየኬላው ከሽንኩርት ጆንያ ሥር ስለሚያዘው ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ሰምተዋል፤ ከዚያ መካከል ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ተሠርቶ ኋላ አፈሙዙ የተበሳ እንዳለበት ያውቃሉ። እንዲህ ያለውን መሣሪያ በእጅ በተሞላ ጥይት የሚተኩስ ሰው ፊት መቆም ይሻላል ወይስ ኋላ፣ እርሳቸው መልሱን አያውቁትም።

የናሱ መጨረሻ ሌላም አለ። አዲስ አበባ፣ እንጦጦ ሥር፣ ከሰሜን የሚመጣ የድሮ ቀለህ እየቀለጠ ዶቃና የአንገት ጌጥ ይሆናል፤ ሥራውን የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ገዢዎቹ ባሕር ማዶ። ልጁ ለሚስቱ አንድ ገዝቷል። ያም ሲቀልጥ የትልቁና የትንሹ ካፕሱል ነገር አያስጨንቅም።

ግን ፋብሪካዎቹ ለምን ለወጡት? ይህን የጠየቁት አሥር አለቃው ናቸው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሆዳቸው ውስጥ የነበረ ጥያቄ ነው።

«ሁለት ምክንያት ሲባል ሰምቻለሁ» አለ ልጁ። «የመጀመሪያው እርሳስ ነው። የተለመደው ካፕሱል ቅመሙ እርሳስ አለበት። በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያሠለጥን ፖሊስ ያን ጭስ ይተነፍሳል፤ ደሙ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እርሳስ የሌለበት ካፕሱል ሠሩ፤ መጀመሪያ ላይ አርባ አምስት በትንሹ ካፕሱል የወጣው በብዛት በዚያ ዓይነት ነበር። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ከሁሉም በላይ ይሸጣል፤ ማሽኑ ሁሉ ለትንሹ ተስተካክሏል። አርባ አምስትንም በእርሱ ከሠራህ አንድ ዓይነት ካፕሱል ብቻ ታከማቻለህ።»

«ጥይቱ አልደከመም?»

«ኢላማ ላይ ልዩነቱን የሚለይ ሰው አላገኘሁም።»

«እንግዲያ ትልቁ ይጠፋላ።»

«የት ይጠፋል፣ ጋሼ! ከ1911 ጀምሮ የተሠራ ቀለህ ምድሩን ሞልቶት!»

አሥር አለቃው ይህን ተቀበሉት። ከዚያ ተግባራዊውን ጠየቁ፦ ባለ ጠባቡን ቀለህ ሲያገኝ ምን ያደርገዋል፣ ይጥለዋል? ልጁ አይጥልም። በሁለት ባልዲ ለይቶ ያስቀምጣል። ከመንገዱ ማዶ አንድ ጡረተኛ አለ፤ እርሱ ዘጠኝ ሚሊ ሜትርም አርባ አምስትም የሚሞላው በትንሹ ካፕሱል ብቻ ነው፣ ሁለት ዓይነት መግዛት አይወድም። ባለ ሰፊው ሲመጣለት ለልጁ ይሰጠዋል፤ ልጁ ደግሞ ባለ ጠባቡን ለእርሱ።

«አንድ ለአንድ?»

«አንድ ለአንድ። ግን እሱ ሳይቆጥር አይቀበልም።»